600 ሚሊሜትር ሌንስ (ሩቁን የሚያቀርበውን) ገዝታችሁ ፎቶው ብዥ ካለ፣ ቦዲ (ካሜራውን ራሱን) ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ችግሩ፦ ከባሌ ወይ ከሰሜን ተራሮች ተመልሳችሁ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የቀይ ቀበሮው ፀጉር ተለጣጥፎ አንድ ላይ ሆኗል፣ ዓይኑም ጥርት አላለም። ስልክ ላይ ግን ምንም አይልም ነበር። ሌንሱ 150-600 ነው፣ ፎከሱ ዓይኑ ላይ ነው፣ ሻተሩም (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ፈጣን ነው። ክሮፕ ቦዲ (ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ) ላይ 600 እየተኮሳችሁ ሻተሩ ከ1/1000 ሰከንድ የዘገየ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፣ ከዛ እንነጋገራለን።

ምክንያቱ፦ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዘው መስታወት። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፣ ሰለቸኝ። ሻጩ "ለመስታወቱ መከላከያ" ብሎ የመረቀላችሁ ባለ 95 ሚሊሜትሩ ዩቪ ፊልተር። የርካሽ ፊልተር መስታወት ከጫፍ ጫፍ እኩል ጠፍጣፋ አይደለም፣ በ24 ሚሊሜትር ስታነሱ አይታወቅም፣ 600 ላይ ግን ጉድለቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል። ምልክቱ ከኋላ ያለው ሳር ነው፣ ለስልሶ በመደብዘዝ ፈንታ ድርብ ድርብ መስመር ይሰራል። ፎከሱም ወዲያ ወዲህ እያለ መያዝ ያቅተዋል። ደሞ የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ዩቪውን ራሱ ስለሚያግድ ፊልተሩ በዛ በኩል ምንም አይጨምርላችሁም።

አንዱ ሌንሱን ሸጦ ሙሉ ፍሬም ቦዲ (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ሊገዛ ገዢ ሁሉ አግኝቶ መጣ። አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ቁጭ ብለን መንገድ ማዶ የቆመ ሚኒባስ ታርጋ አነሳን፣ ፊልተሩን ፈታነው፣ ያንኑ ታርጋ ደግመን አነሳን። በመጀመሪያው ቁጥሩ ይነበባል እንጂ ጠርዙ ሟሟ ብሏል፣ በሁለተኛው የታርጋው ብሎን ላይ ያለው ዝገት ሳይቀር ታየ። ማኪያቶው ሳያልቅ ገዢውን ደውሎ "ተወው" አለው። ሌላዋ ደግሞ እንጦጦ ወፍ የምታነሳ ልጅ ሁለት ፊልተር ደርባ ነበር፣ ሁለት! አንዱ ቢሰበር ሌላው ይጠብቀዋል ብላ።

መፍትሄው፦ ፍቱት፣ በቃ። ለመከላከያ ሁድ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ) ግጠሙ፣ ቢወድቅም መጀመሪያ የሚመታው ሁዱ ነው። ፊልተሩ አልፈታ ካለ ጠርዙን በሰፊ ላስቲክ ዙሪያውን ያዙና ሳትጨምቁ አዙሩት፣ ስትጨምቁት ክቡ ይጣመምና ይብስበታል። ፒንሳ እንዳታስጠጉ። ፒንሳ ብያለሁ! የሌንሱን ጥርስ በልታችሁ የምትመጡ አላችሁ።

ፊልተር ሳይኖር ብዥ ካለ፦ ጠዋት ደህና ሆኖ ቀትር ላይ ብቻ ከሆነ ከመሬት የሚነሳው የሞቀ አየር ነው፣ የትኛውም ሌንስ አያድናችሁም፣ በማለዳ ውጡ ወይ ጠጋ ብላችሁ አንሱ (ጠጋ በሉ ስል ባሌ ሳነቴ ላይ ከመንገድ ወጥታችሁ መኪና ንዱ አላልኩም)። ከመኪና ውስጥ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። ፎከሱ ሁሌ ትንሽ ከፊት ወይ ከኋላ የሚያርፍ ከሆነና ካሜራው ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው) ከሆነ ሜኑ ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ ሞክሩ፣ ሁሉም ቦዲ ላይ ግን የለም።

መልክዓ ምድር ለምታነሱ፦ ትራይፖድ ላይ ስታቢላይዘሩን (የእጅ መንቀጥቀጥ መቀነሻውን) አጥፉ፣ የመሀል ምሰሶውን አትምዘዙ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 22 ላይ አትዝጉት፣ ኤፍ 8 ወይ 11 ይበቃል። ኤፍ 16 ላይ ሰማዩ ላይ ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፣ በአፍ እፍ እንዳትሉበት።

ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ካለቀ ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካነሰባችሁ መጀመሪያ ሌንስ ቀይሩ፣ ቦዲ ኋላ ይደርሳል። ዩዝድ ከሆነ ብር ሳትከፍሉ የሌንሱን አፐርቸር ከፍታችሁ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና ከፊት እዩት። ቅርንጫፍ ያወጣ ቀጭን ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ሻጩ "አቧራ ነው፣ ይጠረጋል" ሊላችሁ ይችላል፣ አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ መልሱለት።