ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በዝዋይ ደሴት ላይ ለማደር

በአዲስ አበባ ዳር በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚኖር ሰው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለመሄድ መሐል ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከደጁ ስለሚጀምር በሞጆ በኩል የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ (ዝዋይ) ይደርሳል። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚገኝበትና የዛይ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ስለሆነ፣ ድንኳን ከመትከል በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ገዳሙን ማስፈቀድ ግድ ነው።

ጀልባውን ቀደም ብሎ ተነጋግሮ መያዝና በማለዳ መሳፈር ይገባል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ እየበረታ ሐይቁን ስለሚያናውጠው፣ ባለጀልባው ቢደፍር እንኳ፣ በዚያ ሰዓት መሻገርን አልመክርም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይነሱ፤ ልብስና መኝታም በላስቲክ ይጠቅለል።

ሐይቁ ብልሃርዚያ (በውሃ የሚተላለፍ የጥገኛ ትል በሽታ) ስላለበት መዋኘትም ሆነ ውሃውን ሳያፈሉ መጠጣት ተገቢ ስላልሆነ፣ የመጠጥ ውሃ ከባቱ ገዝቶ መጫን ያስፈልጋል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በመሆኑ እንደ አዲስ አበባ ደጋ አይደለም፤ ወባ ስላለም አጎበር ከብርድ ልብስ ይቀድማል። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ድንኳኑን ከውሃው ዳርቻ አርቀው ይትከሉ። ነፋስ መመለሻውን ሊያዘገየው ስለሚችል የአንድ ቀን ትርፍ ስንቅ ይያዙ።