ከሀዋሳ ተነስቶ ሲዳማን ማወቅ

እንግዳ ሲመጣብን ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐይቁ ዳር እንወስደዋለን፣ አሞራ ገደል ዓሣ እናበላዋለን፣ ጉሬዛ እናሳየዋለን፣ ፎቶ እናነሳዋለን። በማግስቱ ይሸኛል። ለእንግዳ ይሄ ይበቃል። እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎች ሲዳማን የምናውቀው በዚያው ልክ ሲሆን ግን ያሳዝነኛል። እኔ እዚሁ ሀዋሳ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ አክሱም ብጠይቃቸው እጃቸው ይወጣል። ከሀዋሳ በፊት የድሮው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የት ነበር ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ስለዚህ አገሩን ማየት ለሚፈልግ ሁሉ የምመክረው አንድ መንገድ ነው። ዋና ከተማው የመጣበትን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። መጀመሪያ ሀገረ ሰላም ነበር። ከዚያ ይርጋለም ሆነ። በመጨረሻ ሀዋሳ። ከሐይቁ ተነስታችሁ ወደ ደጋው ስትወጡ ታሪኩም አብሮ ወደ ጥንቱ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። ለየከተማው አንድ ቅዳሜ ስጡት።

ሀዋሳን በጠዋት ከታቦር ተራራ ጀምሩ። ፀሐይ ሳይበረታ በእግር ውጡ። ከላይ ሆናችሁ መንገዶቹን ተመልከቱ፤ ቀጥ ቀጥ ብለው የተሰመሩ ናቸው። ይሄ በአጋጣሚ አልሆነም። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በልዑል ራስ መንገሻ ስዩም ዘመን፣ ታስባ የተቆረቆረች ናት። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። በኋላ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር መቀመጫ ሆነች፣ ቀጥሎ የደቡብ ክልል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ይሄ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ሁሉንም በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬም ሰፈራችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። እሱን ፈልጉት።

ከታቦር ስትወርዱ አሞራ ገደል ግቡ፤ ለመብላት ብቻ ግን አይሁን። ጀልባዎቹ በሚደርሱበት ሰዓት ዳር ቁሙና የልጆቹን እጅ ተመልከቱ። ቆሮሶውን በጭራው ይይዙታል፣ በቢላ ከጀርባው ይገቡበታል፣ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን በሁለት ቁራጭ ያወጡታል። እናንተ ስሙን ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ ሁለተኛው ዓሣ እጃቸው ላይ ነው። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ አንጀቱ እስኪጣልለት ይጠብቃል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ፤ ለጀማሪ ጥብሱን እመርጣለሁ። ዓሣ አጥማጆቹን ስለ ሐይቁ ጠይቋቸው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከላይ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። የምንጥለው ፕላስቲክ ሁሉ እዚያው እንደሚቀር ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳችሁ አታገኙም።

ለሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ይርጋለም። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ነው፤ ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዋናው አስፋልት ከተማው ውስጥ ስለማይገባ አፖስቶ ላይ ትገነጠላላችሁ። ብዙ ሰው ይርጋለምን የሚያውቃት በሎጅና በጫካ ነው። እኔ የምወዳት ግን የተረሳች ዋና ከተማ ስለሆነች ነው። መቀመጫውን ከሀገረ ሰላም ወደዚህ ያወረዱት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው፤ የሲዳሞ ገዢና የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማች። ጣሊያን ሲመጣ በደቡብ ግንባር ጦር መርተው ተዋጉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ። ከተማው ውስጥ አሮጌ ሰፈሮቹን በእግር ዙሩ። ቡና ከሚጠጡ አዛውንት አጠገብ ስትደርሱ ሰላም በሉና «አባባ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያርመዋል። ክርክሩ ሲሞቅ ዝም ብሎ መስማት ነው።

ጉዟችሁ ከጥቅምት እስከ ታኅሳስ ባለው ጊዜ ከሆነ ትንሽ ገፍታችሁ አለታ ወንዶ ድረሱ። የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከሰዓት በኋላ ገበሬው ቀይ እሸቱን በማዳበሪያ ተሸክሞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ይመጣል። ይመዘናል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ይለቀማል፣ ማሽኑ ገለባውን ይገፈዋል፣ ፍሬው በገንዳ ይታጠባል። ከዚያ እንዲደርቅ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው እያገላበጡ ብልሹውን ያወጣሉ። ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ አልጋው ዳር ቁሙና አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ሞክሩ። እነሱ መድረቁን እንዴት እንደሚያውቁ ይነግሯችኋል። በየቀኑ የምንጠጣው ስኒ ስንት እጅ እንዳለፈበት ያኔ ይገባችኋል።

ምግቡን ሆቴል ውስጥ አትፈልጉት። የሲዳማ ገጠር የቆመው በእንሰት ነው፣ እንሰትን ደግሞ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ግንዱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቦካል፣ ወጥቶ ይጨመቃል፣ በቢላ ይከተከታል፣ ከዚያ ይበስላል። ይሄ ዋሳ ነው። በቅቤ ታሽቶ ከወተት ጋር ሲቀርብ ደግሞ ቡርሳሜ ይሆናል፣ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይበላል። የክፍል ጓደኛም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ቤተሰቡ ገጠር ያለ ሰው ለምኑና አብራችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፤ ስኳርና ዳቦ ያዙ። ቀድማችሁ አሳውቁ፣ አለበለዚያ እናቲቱን ታስጨንቃላችሁ።

ሦስተኛው ሀገረ ሰላም ነው። ከአለታ ወንዶ ሽቅብ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከ2,700 በላይ። ጃኬት ወይም ጋቢ ያልያዘ ሰው ቀኑን ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ቡናው እየቀረ ገብስና ቀርከሃ ይተካል። የቀርከሃውን ቤት ቀርባችሁ እዩት፤ ስንጥቁ እንደ ቅርጫት ከጣሪያ እስከ መሬት የተጠለፈ ነው። የሲዳሞ ገዢ ሆነው እዚህ ላይ የተቀመጡት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው፣ የዓድዋው ባልቻ አባ ነፍሶ። እሳቸውም በዚያው በ1929 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲዋጉ አለፉ። ሁለቱም የሲዳሞ ገዢዎች በአንድ ዓመት።

ግን የገዢዎቹ ታሪክ ግማሹ ነው። ሲዳማ ወደ ምኒልክ ግዛት የገባው በጦር ነው፣ ገበሬው ደግሞ ለረጅም ዘመን ገባር ሆኖ ኖሯል። መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ፣ ግብሩ በምን እንደሚከፈል፣ ማን ለማን እንደሚያገለግል ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ይሄንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አላድበሰብስም። ባልቻ የዓድዋ ጀግና መሆናቸውም እውነት ነው፣ የገባሩ እንባም እውነት ነው። ሁለቱንም ሳትሰሙ ከሀገረ ሰላም አትመለሱ። ሲዳምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚያስተረጉምላችሁ ወጣት ያዙ፤ ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው ሲያወራ ወጉ ይረዝማል።

ወንዶ ገነትን አልረሳሁትም። ፍልውሃው ጥሩ ነው፣ ደኑም ያምራል። ድካም ማውጫ አድርጉት።

ከሁሉም በላይ ግን ፊቼ ጨምበላላ እንዳያመልጣችሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቱ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። በዋዜማው ቤተሰቡ ከቀርከሃ በተሠራ በር ሥር ያልፋል፣ ቡርሳሜ ለጎረቤት ይታደላል። በማግስቱ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ሀዋሳ ጉዱማሌ በሚባለው አደባባይ ላይ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ቄጣላ የሚባለው ባህላዊ ጭፈራ ይደምቃል። ጉዱማሌን እዩት፣ ዋዜማውን ግን ገጠር ቤተሰብ ጋር አሳልፉ። አደባባይ ላይ የማታዩት ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የሰማችሁትን መዝግቡ። ስልካችሁ ይበቃል፣ ግን አስፈቅዳችሁ ይሁን። የተናጋሪውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ ድምፁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቅጂውን ለቤተሰቡ ላኩላቸው። ሽማግሌው ስማርት ስልክ ከሌላቸው በልጃቸው ወይም በልጅ ልጃቸው በኩል አድርሱላቸው።