ጫማው ነው ወይስ ሰውዬው ቤተክርስቲያን የገባው? ሞዳል ቨርብና ያጠረ ክሎዝ ሲጋጩብን

ባህርዳር ሐይቁ ዳር እንግሊዝኛ የማስጠናቸው ልጆች አሉ፣ አብዛኞቹ አስጎብኚ መሆን የሚፈልጉ ናቸው። ባለፈው አንዱ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ፈረንጆችን ይዞ ጀልባው ጋ ቆሞ ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲያስረዳ "ኢንተሪንግ ዘ ቸርች፣ ዩር ሹዝ መስት ቢ ቴክን ኦፍ" አላቸው። አንዷ ሴትዮ ፈገግ አለች። ልጁ ፈገግታዋን አይቶ ኖሮ ማታ መጥቶ "ምን ተሳሳትኩ? መስት አለ፣ ቢ አለ፣ ቨርብ ስሪ አለ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው" አለኝ። ሁሉም ቦታው ላይ ነው፣ ግን ቤተክርስቲያን የገባው ጫማው ነው።

ከዛ ወዲህ ደብተራቸው ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ስህተት ሰብስቤ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱንና መፍትሄውን ታገኛላችሁ። ሞዳል ቨርብ የምላቸው እንደ ካን፣ መስት፣ ሜይ፣ ሹድ ያሉትን ረዳት ግሶች ነው፣ ቨርብ ስሪ ደግሞ እንደ "ቴክን" ያለውን ሦስተኛውን የግስ ቅርጽ። ያጠረ ክሎዝ ማለት እንደ "ኢንተሪንግ ዘ ቸርች" ባለቤቱ ወጥቶለት ብዙ ጊዜ በአይኤንጂ ወይም በቨርብ ስሪ የሚመጣው ቁራጭ ነው።

ምልክት፦ አረፍተ ነገሩ ሰዋስው ያለው ይመስላል ግን ያላሰባችሁት ነገር ሲገባ፣ ሲሻገር፣ ሲበላ ይገኛል።

ምክንያቱ አማርኛችን ነው፣ ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን በጣም ስለሚመቸን። "ስትገቡ ጫማ ይወልቃል" ስንል "ስትገቡ" ውስጥ "እናንተ" አለ። "ገብታችሁ"ም እንደዛው፣ "ገብቶ" "ገብታ" "ገብቼ" እያልን እዛው ግሱ ላይ ማን እንደሆነ እንለጥፋለን፣ ስለዚህ ዋናው አረፍተ ነገር ሌላ ባለቤት ቢኖረውም ማንም አይሳሳትም። የእንግሊዝኛው "ኢንተሪንግ" ግን ባዶውን ነው የሚሄደው፣ ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ ከኮማው በኋላ ያገኘውን የመጀመሪያ ሰብጀክት ይዞ ይቀመጣል። ከኮማው በኋላ "ዩር ሹዝ" ካለ ጫማው ገባ ማለት ነው፣ በቃ።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ ሰውየውን ከኮማው በኋላ አስቀምጡት፣ "ኢንተሪንግ ዘ ቸርች፣ ዩ መስት ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ"። ወይ ደግሞ ጭራሽ አታሳጥሩ፣ "ዌን ዩ ኢንተር ዘ ቸርች፣ ዩር ሹዝ መስት ቢ ቴክን ኦፍ"። እኔ ለጀማሪ ሁለተኛውን ነው የምመክረው፣ ማሳጠር ግዴታ አይደለም እኮ፣ ልጆቹ ግን ያጠረ ነገር የተማረ ሰው ያስመስላል ብለው ያስባሉ መሰለኝ።

መፈተሻው ቀላል ነው፣ አይኤንጂው ላይ ጣታችሁን አድርጉና "ማን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ ከኮማው ቀጥሎ ያለውን ስም አንብቡ። "ዋይል ክሮሲንግ ዘ ሌክ፣ ዘ ዌቭስ ካን ሜክ ዩ ሲክ"፣ ማን ተሻገረ? ማዕበሉ። አይሆንም። "ዋይል ክሮሲንግ ዘ ሌክ፣ ዩ ሜይ ፊል ሲክ" በሉት። እውነቱን ለመናገር እንግሊዞቹ ራሳቸው በወሬ ላይ ይሄን ይሳሳታሉ፣ ሰው ግን ይገባዋል፣ ፈተና ላይ ነው የሚያስቀንሰው።

በቨርብ ስሪ ሲያጥርም ያው ነው፣ እንደውም ይብሳል። አንዷ ልጅ ስለ ቆረሶ አሳ ስትጽፍ "ዌን ፍራይድ፣ ዩ ሹድ ኢት ቆረሶ ሆት" ብላ አመጣችልኝ፣ እንግዳውን ጠብሳ አሳውን በትኩሱ ልታበላው ነው። "ዌን ፍራይድ፣ ቆረሶ ሹድ ቢ ኢትን ሆት" ስትል የተጠበሰው አሳው ሆነ። "ሜድ ኦፍ ደንገል፣ ኤ ታንኳ ካን ፍሎት ኢዚሊ"ም ትክክል ነው፣ ከደንገል የተሠራውም የሚንሳፈፈውም ታንኳው ስለሆነ። "ኢፍ ፖሲብል" እና "ኢፍ ኔሰሰሪ" ግን ባለቤት ስለማይፈልጉ ከማንም ጋር ይሄዳሉ፣ እነሱን ሳትጨነቁ ተጠቀሙባቸው።

ምልክት፦ "ካኒንግ"፣ "መስቲንግ"፣ ወይም "ኖት ካን ስዊም፣ ሂ ስቴይድ ኢን ዘ ቦት" የሚል ነገር።

አትሳቁ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው የሚሳሳተው፣ ሕጉን ስለያዘ። "ቻለ" በአማርኛ ሙሉ ግስ ነው፣ ችሎ፣ ሲችል፣ መቻል፣ ስላልቻለ፣ የፈለግነውን እናደርገዋለን። ካን ግን ጎዶሎ ነው፣ አይኤንጂ የለውም፣ ቱ አይቀድመውም፣ ቨርብ ስሪ የለውም። መስት፣ ሜይ፣ ሹድ፣ ዊልም እንደዛው። ስለዚህ ክሎዙ ሲያጥር ሞዳሉ አብሮ ማጠር ስለማይችል ምትክ ተጫዋች ይገባለታል፣ ለካን "ቢይንግ ኤብል ቱ"፣ ለመስት "ሃቪንግ ቱ"፣ ለፈቃድ ሜይ "ቢይንግ አላውድ ቱ"። ምሳሌ፣ "ቢኮዝ ሂ ኩድ ኖት ስዊም፣ ሂ ስቴይድ ኢን ዘ ቦት" የሚለው ሲያጥር "ኖት ቢይንግ ኤብል ቱ ስዊም፣ ሂ ስቴይድ ኢን ዘ ቦት" ይሆናል፣ "አንኤብል ቱ ስዊም" ብትሉት ደግሞ የበለጠ ያምራል። ሁለት ነገር ልብ በሉ፣ ኖት ከአይኤንጂው በፊት ነው የሚመጣው፣ ቢኮዝ ደግሞ ጠፍቷል። ዋይል፣ ዌን፣ ቢፎር፣ አፍተር ከአይኤንጂ ጋር ይኖራሉ፣ ቢኮዝ ግን አይኖርም፣ "ቢኮዝ ቢይንግ" እያላችሁ አትጀምሩ።

ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ያንን ለማስረዳት "ኖት ቢይንግ አላውድ ቱ ኢንተር ክብራን ገብርኤል፣ ዊመን ካን ቪዚት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ኢንስቴድ" ማለት ይቻላል። ከኮማው በፊትም በኋላም ያሉት ሴቶቹ ናቸው።

ጥርጣሬ የሚናገረው ማይት ግን ጥሩ ምትክ የለውም፣ "ሊዘንብ ስለሚችል" ለማለት ስትፈልጉ "ቢኮዝ ኢት ማይት ሬይን" ብላችሁ ሙሉውን ተዉት፣ ለማሳጠር አትታገሉ።

ምልክት፦ "ሂ ካን ቱ ጎ"፣ "ሺ መስት ፔይስ"።

"መሄድ ይችላል" ስንል ያለችው "መ" ናት ቱ ሆና የምትመጣው። ከሞዳል በኋላ ባዶ ቨርብ ብቻ፣ ቱም ኤስም የለም። ቱ የሚፈልጉት ሃቭ ቱ፣ ኦውት ቱ እና ኤብል ቱ ናቸው።

ምልክት፦ ያለፈ ነገር ልትገምቱ ፈልጋችሁ ትእዛዝ ይሆንባችኋል።

"ጀልባው አምልጦት በባስ ሄዶ መሆን አለበት" ለማለት ልጆቹ "ሚሲንግ ዘ ቦት፣ ሂ መስት ቴክ ዘ ባስ" ይላሉ። ይሄ "ባስ መያዝ አለበት" ነው፣ ግዴታ። የኛ "አለበት" ሁለቱንም ስለሚሸከም ነው የሚያምታታው፣ "መሄድ አለበት" ግዴታ ነው፣ "ሄዶ መሆን አለበት" ግን ግምት። ለግምቱ ከሞዳሉ ቀጥሎ ሃቭና ቨርብ ስሪ ጨምሩ፣ ቀድሞ ያለቀውን ድርጊት ደግሞ በሃቪንግ ጀምሩት፣ "ሃቪንግ ሚስድ ዘ ቦት፣ ሂ መስት ሃቭ ቴክን ዘ ባስ"። እርግጠኛ ካልሆናችሁና በአማርኛ "ሄዶ ይሆናል" የምትሉት ከሆነ መስትን አውጥታችሁ ማይት አስገቡ። "በባስማ ሄዶ ሊሆን አይችልም" ከሆነ "ካንት ሃቭ ቴክን"። ሃቭ ከሞዳል በኋላ መቼም ሃድ አይሆንም፣ ሃዝም አይሆንም፣ ባለቤቱ "ሂ" ይሁን "ሺ"።

ምልክት፦ "ቱሪስትስ ካን ስዊም ሜይ ሲት ሂር"።

እዚህ "ሁ"ን ብቻ አውጥተው ካንን ትተውታል፣ አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ዋና ቨርብ ሆነ። "ሁ" ከወጣ ሞዳሉም ይውጣ፣ "ቱሪስትስ ኤብል ቱ ስዊም ሜይ ሲት ሂር"። መከፈል ያለበት ብር ከሆነ "ዘ መኒ ዛት መስት ቢ ፔይድ" አጥሮ "ዘ መኒ ቱ ቢ ፔይድ" ይሆናል።

ምልክት፦ "ሹድ ዩ ኒድ ሄልፕ፣ ኮል ሚ" የሚለውን አንብበው ጥያቄ ምልክቱ የታለ ይላሉ።

ጥያቄ አይደለም። ኢፍ ወጥታ ሹድ ቦታዋን ይዛ ነው፣ "እርዳታ ካስፈለገህ ደውልልኝ" ማለት ነው። ይሄኛው ማሳጠር አይኤንጂ የለውም፣ ሞዳሉም አልጠፋም፣ እንደውም ፊት መጥቷል። "ሃድ አይ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ከም"ም የዚሁ ዘመድ ነው፣ "ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር"። ኢፍን መልሳችሁ ካስገባችሁ ቃሎቹም ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ "ኢፍ ሃድ አይ" የሚባል ነገር የለም።

ያ ልጅ ይሄን ሁሉ አጥንቶ፣ ደብተሩን ሞልቶ፣ በሳምንቱ ኡራ በር ላይ ደርሶ እንግዶቹን ምን እንዳላቸው ጓደኛው ነገረኝ። "ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ፣ ፕሊዝ"።