ሊሚትድ ኤዲሽን የሙዚቃ ዕቃ በአስተላላፊ በኩል ደሴ ማስገባት

ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ፔዳል (የጊታር ድምፅ መለወጫ) ወይም አሜሪካ በተወሰነ ቁጥር የወጣ ሲንተሳይዘር ቢፈልጉ፣ ሱቁ በቀጥታ ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እልካለሁ የማለቱ ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥቅል አስተላላፊ ድርጅት መሀል ይገባል፤ እዚያው አገር የመጋዘን አድራሻ ይሰጥዎታል፣ ሱቁ ወደ መጋዘኑ ይልካል፣ ድርጅቱ ደግሞ ወደ እርስዎ። ብዙ ገዢ በዕቃው ዋጋ ላይ ሲጨነቅ ይከርምና ኪሱን የሚያራግፉት የካርቶኑ ስፋትና ወረቀቱ ይሆናሉ። ሁለቱም የሚስተካከሉት ዕቃው መጋዘን ላይ ሳለ ነው፤ ከተነሣ በኋላ አይሆንም።

መጀመሪያ ዕቃው በእርግጥ የሚያስፈልግዎ መሆኑን ይመርምሩ። ሊሚትድ ኤዲሽን ሲባል ብዙ ጊዜ የተለወጠው ቀለሙ ነው። የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥቁርና ወርቃማው ዲኤስ-1 ፔዳል በድምፅ ከብርቱካናማው ዲኤስ-1 አይለይም። ድምፁን ብቻ የሚፈልግ ሰው ተራውን ቢገዛ ይሻለዋል። ባቲና አምባሰልን በሲንተሳይዘር እጫወታለሁ የሚል ደግሞ የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ ለየብቻ ማስተካከል የሚያስችል መሆኑን ከቀለሙ በፊት ያጣራ።

አስተላላፊዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ቴንሶ ያለው አድራሻ ብቻ ይሰጣል፣ ሱቁን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። እንደ ዜንማርኬት ያለው ራሱ ገዝቶ ይልካል፤ ኮሚሽን ቢያስከፍልም የጃፓን ስልክ ቁጥር ወይም የጃፓን ካርድ ለሚጠይቅ ሱቅና ጨረታ ያለ እሱ አይሆንም። አሜሪካ ከሆነ መጋዘኑ ኦሪገን ወይም ዴላዌር ያለውን ይምረጡ፤ እነዚህ ግዛቶች የሽያጭ ግብር የላቸውም። እዚያ ያሉት አስተላላፊዎች በስምዎ ጥቅል ለመቀበል የአሜሪካ ፖስታ ቅጽ 1583ን በመታወቂያ አረጋግጠው ያስሞላሉ። ይህን ሽያጩ ሳይከፈት ይጨርሱት።

የሽያጭ ሰዓት ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ6 ይለያል፤ ስለዚህ የጃፓን ሰዓት ቁጥር ከእኛው ጋር አንድ ነው። እዚያ እኩለ ቀን 12 ሰዓት የሚከፈት ሽያጭ እኛ ዘንድ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ጃፓን ሰዓቷን በየወቅቱ ስለማትቀይር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ለኒውዮርክ ግን በየወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ልዩነት ማስላት አለብዎት።

መጋዘኑ የሰጠዎትን መለያ ቁጥር በአድራሻው ሁለተኛ መስመር ላይ መጻፍ አይርሱ፤ ቁጥሩ የሌለው ጥቅል ባለቤቱ ያልታወቀ ተብሎ ይቀመጣል። ስምዎን የአባትና የአያት ስም ጨምረው በፓስፖርትዎ ወይም በመታወቂያዎ ባለው የላቲን አጻጻፍ ይጻፉ። አንድ ፊደል ቢለይ ጉምሩክ ላይ ያንተ ነው አይደለም ክርክር ይመጣል። ስልኩ 251 ብሎ ይጀምር፣ ዜሮው ይውጣ። የፈጣን መልእክት ድርጅት ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለማያደርስ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌና ታዋቂ ምልክት ይጨምሩ። ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎ ከሆነም ለአስተላላፊው ቀድመው ይንገሩ፤ የከፋዩና የተቀባዩ ስም ሲለያይ ጥቅሉን ለማጣራት ያቆሙታል።

አሁን ወደ ካርቶኑ። በአየር የሚልኩ ብዙ ድርጅቶች ትክክለኛውን ክብደትና የቦታውን ክብደት አወዳድረው በበለጠው ያስከፍላሉ። የቦታው ክብደት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5000 ተካፍሎ ይገኛል። አንድ ፔዳል 400 ግራም ገደማ ነው፤ ሱቁ 30 በ25 በ20 ካርቶን ውስጥ ከላከው ግን 3 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። 20 በ15 በ12 ካርቶን ቢገባ 0.72 ኪሎ ነው። ጊታር ከነሣጥኑ 110 በ45 በ15 ቢሆን ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል፣ እውነተኛው ክብደት ግማሹ ቢሆንም። ስለዚህ እንደገና አሽጉልኝ ብለው ይዘዙ። ነገር ግን የፋብሪካው ካርቶንና ወረቀቱ እንዳይጣል በጽሑፍ ያሳስቡ፤ ቦታ ለመቀነስ ሲሉ ይጥሉታል፣ ሊሚትድ ኤዲሽን ደግሞ ካርቶኑ ከሌለ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያው ጋር የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ ይጠይቁ። በመጋዘን በነጻ የሚቀመጥበትን ቀንም ይመልከቱ፤ ሲያልፍ በየቀኑ ይቆጥራል።

የካርቶኑ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንሱና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነውና። ታክሱም ይደራረባል። ድምሩ 300 ዶላር፣ ቀረጡ 20 በመቶ ነው ብለን እናስላ (የእርስዎ ዕቃ መጣኔ እንደ ምድቡ ይለያያል)፦ ቀረጥ 60፤ በ360ው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 54፤ በ414ቱ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ 41.40። በጠቅላላ 155.40 ዶላር፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሌላ ክፍያ ሊጨመርበትም ይችላል። ምድቡን ቀድመው ለጉምሩክ አስተላላፊ ያሳዩ፤ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኪቦርድ በታሪፍ ቁጥር 9207 ላይ፣ አምፕሊፋየርና ማይክሮፎን 8518 ላይ ይወድቃሉ።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ አያዋጣም። ጉምሩክ በራሱ የዋጋ መረጃ ያስተካክለዋል፤ ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የተጻፈውን ብቻ ነው። ከአንድ ዓይነት ሦስት አራት ማዘዝም ለንግድ ነው የሚል ጥያቄ ያመጣል። ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ካለበት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ጥያቄ ስለሚነሣ በመጀመሪያ ግዢ አይሞክሩት።

ሊቲየም ባትሪ ለብቻው በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ ዕቃው ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ለአስተላላፊው ያሳውቁ። ጊታር ላይ የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ካለ ያለ ሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት) ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ሌላው ሮዝውድ ያለቀለት መሣሪያ ላይ ከሆነ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከፈቃዱ ነጻ ነው።

ኤሌክትሪኩን ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ። የጃፓን 100፣ የአሜሪካ 120፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። በአዳፕተር የሚሠራ ፔዳል አያሳስብም፤ 9 ቮልት፣ መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር እዚሁ ይገዛሉ። ውስጡ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኪቦርድ ወይም አምፕ ግን ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ካላለ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። 110 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር ለጃፓን ዕቃ 10 በመቶ ይበዛበታል፤ የቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ አምፕሊፋየር) 6.3 ቮልት ማሞቂያ ወደ 6.9 ይወጣና ቲዩቡ ቶሎ ያልቃል። 100 የሚያወጣውን ይፈልጉ፣ አቅሙም ዕቃው ከሚስበው ዋት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ይሁን። ትራንስፎርመር ድግግሞሹን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የድሮ ሃሞንድ ኦርጋን ሞተሩ በእኛ 50 ኸርዝ ሲዞር ድምፁ ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል፤ ይህ በማስተካከያ ቁልፍ የሚመለስ አይደለም።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ ቢኖርም በአየር የሚመጣ ጥቅል መጀመሪያ የሚያርፈው ቦሌ ነው። የት እንደሚፈተሽና የት እንደሚረከቡ አጓጓዡን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆነ ለሚያወጣልዎ ሰው የተረጋገጠ ውክልና ከነመታወቂያ ቅጂ ይላኩ፣ የክፍያ ደረሰኝዎንም ጭምር። ከዚያ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣርማ በርን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ እንዳያልፍ፣ ከውስጥ ይግባ።

ደሴ ሲደርስ ጊታሩን ከነሣጥኑ አንድ ቀን ቤት ውስጥ አሳድረው ይክፈቱ። ካርቶኑን ሲከፍቱ ከቴፑ ጀምረው በቪዲዮ ይቅረጹ። የተሰበረ ነገር ካለ ካርቶኑንና መሙያውን አይጣሉ፤ ኢንሹራንሱ ማሸጊያውን ሳያይ አይከፍልም።