ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት አስገራሚ ፎቶ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ጎርፍ ባጥለቀለቀው አስፋልት ላይ የሚዋኝ ሻርክ። ድንጋይ የሆነ ፍላሚንጎ። በሌሊት ሰማያዊ እሳት የሚተፋ ተራራ። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በየቀኑ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዘዋወራሉ። አብዛኛው ሰው «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል፤ አለዚያም ለሌላ ሰው ይልካል። እኔ ግን ከየት እንደመጡ ሳላጣራ መተው አይሆንልኝም። ከፎቶው ጀርባ ያለው እውነተኛ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ከተጻፈው ይበልጥ ይገርማል። ለፍለጋው ስልክና ትንሽ ዳታ ይበቃል።

1. ንጹሕ ፎቶ ያዙ

ፎቶውን ሴቭ አድርጉት። ስክሪንሾት ካነሳችሁ የቻናሉን ስም፣ የላይኩን ብዛትና የተለጠፈበትን ጽሑፍ ቆርጣችሁ አውጡ። ጽሑፍ የበዛበት ስክሪንሾት ከሰጣችሁት መፈለጊያው ፎቶውን ትቶ ጽሑፉን ማሳደድ ይጀምራል።

ቪዲዮ ከሆነ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁማችሁ ሁለት ሦስት ስክሪንሾት አንሱ። የሌላ ሰው ቪዲዮ ወስደው እንዳይታወቅባቸው ግራና ቀኙን የሚያገላብጡ አሉ። የሱቅ ስም ወይም የመኪና ታርጋ የተገለበጠ ከመሰላችሁ ስክሪንሾቱን በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ መልሳችሁ ገልብጡት።

«ፎቶው ውስጥ የተነሳበት ቀንና ቦታ ተደብቆ ይገኛል» ብለው የሚመክሩ አሉ። ከካሜራ በቀጥታ ለወጣ ፋይል ልክ ነው። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ያ መረጃ ይራገፋል። ጊዜ አታጥፉበት።

2. ቢያንስ በሁለት መሣሪያ ፈልጉ

ጎግል ሌንስ ሁሉም ስልክ ላይ ይሠራል። ክሮም ላይ ፎቶውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት አማራጩ ይመጣል። ቦታን፣ እንስሳንና ሕንፃን በማወቅ ጎበዝ ነው። ድክመቱ «የሚመሳሰሉ» ፎቶዎችን ማብዛቱ ነው።

ምንጭ ለመፈለግ እኔ የማስቀድመው ቲንአይን (TinEye) ነው። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ያለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ድረ ገጽ ነው። የሚመስለውን ሳይሆን ያንኑ ፎቶ ይፈልጋል፤ ቢቆረጥም፣ ቀለሙ ቢቀየርም። ውጤቱ ሲመጣ «ኦልደስት» የሚለውን ብትመርጡ ከቆየው ጀምሮ ይደረድርላችኋል። «ሞስት ቼንጅድ» ካላችሁት ደግሞ በጣም የተነካካውን ያስቀድማል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይነካውም፤ የተቀነባበረ ፎቶ ለማጋለጥ ግን እንደሱ የሚረዳ የለም። ሁለቱም ካቃታቸው የሩሲያውን ያንዴክስ ሞክሩ። በተለይ የሰው ፊትና የመንገድ ገጽታ ላይ ጠንካራ ነው።

የሻርኩን ፎቶ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ «በጎርፉ መንገድ ላይ ከመኪና ጎን ሲዋኝ ታየ» ተባለ። በ2017 ሂዩስተን ስትጥለቀለቅ ያው ሻርክ እንደገና ብቅ አለ። ሻርኩ እውነተኛ ነው፤ መንገዱ ላይ ግን አልነበረም። ቶማስ ፔስቻክ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ2003 ደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ ካነሳው ፎቶ ተቆርጦ የተወሰደ ነው። በዋናው ፎቶ አንድ ሰው ትንሽ ጀልባ ይቀዝፋል፤ ከኋላው ትልቅ ነጭ ሻርክ ይከተለዋል። ያ ፎቶ ሲወጣ ብዙ ሰው «የተቀነባበረ ነው» ብሎ አላመነም። እውነተኛውን ጠርጥረው ከሱ የተቆረጠውን ያመኑ ጥቂት አይደሉም።

3. ወደ ኋላ መሄድ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን በትክክል አንብቡት። ቲንአይ የሚያሳያችሁ ቀን ማሽኑ ፎቶውን ያገኘበትን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን አይደለም። ስለዚህ «ከዚህ ቀን በፊት ነበረ» ለማለት ብቻ ነው የሚያገለግለው። እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ተነሳ የተባለ ፎቶ ከአምስት ዓመት በፊት ከታየ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ ቅጂዎቹን እርስ በእርስ አስተያዩ። ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ዳሩ ይቆረጣል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉም ሰፋ ያለውና ጥርት ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ ወደ ምንጩ የቀረበ ነው። ያንን የያዘውን ገጽ ክፈቱና አንብቡ። የምትፈልጉት የገጹን ስም ሳይሆን የሰው ስም ነው፤ ማን አነሳው? «ከኢንተርኔት የተገኘ» የሚል ካያችሁ ገና ናችሁ ማለት ነው። ወደሚቀጥለው ውጤት ሂዱ።

የሰው ወይም የቦታ ስም ካገኛችሁ በኋላ በቃላት ፈልጉ። በአማርኛ ብቻ ከፈለጋችሁ የሚመጣው ያው የተቀባበሉት ጽሑፍ ነው። ፎቶው በተነሳበት አገር ቋንቋ ፈልጉ። የኢንዶኔዥያ ተራራ ከሆነ በኢንዶኔዥያኛ፣ የብራዚል ወንዝ ከሆነ በፖርቱጋልኛ። ጎግል ትራንስሌት ላይ ሁለት ሦስት ቃል አስተርጉማችሁ መገልበጥ በቂ ነው። የአካባቢው ሰው ስለ ራሱ አገር የጻፈው ብዙ ጊዜ ዝርዝር አለው።

ሊንኩ ሞቶ ከሆነ ዌይባክ ማሽን አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ በ2001 ለሕዝብ የከፈተው የድሮ ድረ ገጾች ማከማቻ ነው። የሞተውን አድራሻ ስታስገቡ ገጹ የተቀመጠባቸው ቀኖች በካላንደር ይመጣሉ። የቆየውን ክፈቱ። ከዓመታት በፊት የተዘጋ የፎቶግራፍ አንሺ ገጽ እንዳለ ማግኘት ለእኔ ከፎቶው የበለጠ ደስታ አለው።

4. ፎቶውንና ጽሑፉን ለያዩ

ፎቶው እውነት፣ ጽሑፉ ውሸት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውም ይሄ ነው። ድንጋይ የሆነውን ፍላሚንጎ ተመልከቱ። ሐይቁ አለ፤ ሰሜን ታንዛኒያ ውስጥ ያለው ናትሮን ሐይቅ ነው። ፎቶውን ያነሳው እንግሊዛዊው ኒክ ብራንት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ከሥሩ የተጻፈው «ውሃውን የነካ እንስሳ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል» የሚል ነበር። ይሄ ሐሰት ነው። ብራንት ያገኘው ሞተው ወደ ዳር የወጡ ወፎችንና የሌሊት ወፎችን ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ሶዳና ጨው በድናቸውን አድርቆ አቆይቶታል። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ ለማድረቅ የተጠቀሙት ጨውም ከዚሁ ዘር ነው። ብራንት በድኖቹን አንስቶ በሕይወት እንዳሉ ዓይነት ቅርንጫፍ ላይና ውሃው ላይ አስቀመጣቸው፤ ይህንንም ራሱ ተናግሯል።

በዚያ ላይ ናትሮን የሞት ሐይቅ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ «ትንሹ ፍላሚንጎ» የሚባለው ዝርያ ዋና መራቢያ ነው። ውሃው ብዙ አዳኝ እንስሳ ስለሚያርቅ ጫጩቶቻቸውን እዚያ ያሳድጋሉ። የእኛዎቹ አቢጃታና ጭቱም ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ናቸው፤ ፍላሚንጎ ይመላለስባቸዋል። ለእኔ ይሄ «ነካው፣ ድንጋይ ሆነ» ከሚለው ወሬ በእጅጉ ይበልጣል።

ሰማያዊ እሳት የሚተፋው ተራራም እንደዚሁ ነው። ጃቫ ደሴት ላይ ያለው ካዋ ኢጄን ነው። «ሰማያዊ ላቫ» ይሉታል፤ ግን ላቫ አይደለም። ከስንጥቁ የሚወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ሰማያዊ ሆኖ የሚነደው እሱ ነው፤ በደንብ የሚታየውም በጨለማ ነው።

ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ፎቶ ጠይቁ። ማን አነሳው? የት? መቼ? እንዲህ ሆኖ ተገኘ ወይስ ተዘጋጅቶ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት።

ስለማይመስል ብቻ ደግሞ «ውሸት ነው» አትበሉ። የአፋራችን ዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች በኮምፒውተር የተሠሩ የሚመስላቸው አሉ። ጨው፣ ድኝና ብረት ከከርሰ ምድር በሚወጣ ሙቅና አሲዳማ ውሃ ውስጥ ተገናኝተው የሠሩት እውነተኛ ቀለም ነው።

5. በኤአይ የተሠራ ከሆነስ?

በማርች 2023 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ወፍራም ነጭ ጃኬት ለብሰው የታዩበት ፎቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሚድጆርኒ በተባለ ምስል የሚፈጥር የኤአይ ፕሮግራም የተሠራ ነው። ኤአይ የሰው ጣት ቁጥር ያሳስት ስለነበር ጣት መቁጠር ዱሮ ይሠራ ነበር፤ አሁን ብዙም አትመኩበት። እኔ የምመለከተው ሌላ ማዕዘን መኖሩን ነው። ታዋቂ ሰው አደባባይ ላይ ከታየ ሌሎችም ያነሱት ፎቶ ይኖራል። ከአንድ ፎቶ በቀር ምንም ከሌለ ጠርጥሩ።

አገር ቤት ተነሳ ለተባለ ፎቶ ደግሞ ማስታወቂያዎቹንና የሱቅ ስሞቹን አጉልታችሁ አንብቡ። ኤአይ ብዙ ጊዜ ፊደላችንን ያበላሻል። ከሩቅ አማርኛ የሚመስል፣ ሲጠጉት ግን የማይነበብ ጽሑፍ ይሠራል። ይህን ከእኛ የተሻለ የሚያይ የለም።

6. አስቀምጡ፣ ከዚያ ላኩ

ያገኛችሁትን ምንጭ ዌይባክ ማሽን ላይ «ሴቭ ፔጅ ናው» በሚለው አስቀምጡት፤ ነገ ሊጠፋ ይችላል። ለሰው ስትልኩ የፎቶግራፍ አንሺውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጨምሩ። በረዶ ውስጥ ሰንብቶ ወይም ባሕር ላይ ውሎ ያነሳ ሰው ስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

የተሳሳተውን ፎቶ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ የለጠፉት ታላቅ ሰው ከሆኑ በሁሉ ፊት አታርሟቸው። በግል ጻፉላቸው። «ጋሼ፣ ያ የላኩት ፎቶ የት እንደተነሳ አገኘሁት። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ይኸው» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ራሳቸው መልሰው ግሩፑ ላይ ይለጥፉታል።