ጎልማሳን በጅማ ቤተ መጻሕፍት ማንበብ ማስጀመር፦ ከስም እስከ ሥራ ቅጽ

«ሀ ሁ ሂ» ብላችሁ አትጀምሩ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው። ያን ሁሉ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ያየ ጎልማሳ በሁለተኛው ሳምንት «ገበያ ነበረብኝ» ብሎ ይቀራል።

መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አነጋግሩ። ጀማሪ የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው፤ ለፈተና የሚያጠና ደግሞ ዝምታ ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው ክፍል በሚሆንበት ሰዓት አንድ ጥግ ለምኑ። ሐሙስን ግን ተዉት፤ የጅማ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ያን ቀን ስለሆነ ነጋዴ አታገኙም።

ቀጥሎ፣ ፊደል ወይስ ቁቤ (ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል)? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኦሮምኛ በይፋ በቁቤ መጻፍ የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ የተማሩ ሰዎች የቆጠሩት ግን የግዕዙን ፊደል ነው። «ማንበብ አልችልም» የሚሉ አዛውንት ቁቤን ብቻ ሳያውቁ ቀርተው ይሆናል፤ ሁለቱንም ጽፋችሁ አሳዩአቸው። የልጅ ልጃቸውን የኦሮምኛ ደብተር ማየት ከፈለጉ ቁቤ ይሁን። ምርጫው የእሳቸው ነው።

አማርኛ ካሉ፣ ከስማቸው ጀምሩ። እትዬ ዘይነባ እንበል፦ ዘ፣ ይ፣ ነ፣ ባ። በእነዚህ አራት ፊደላት ብዙ መንገድ ይኬዳል። ነ እና ይ ሲገጥሙ ልጃቸውን የሚጠሩበት «ነይ» ይወጣል። የባ አጭር እግር ከረዘመ በ ይሆናል፤ ያኔ «ዘነበ» ተጻፈ። ጅማ ላይ ይህቺን ቃል ማን ይረሳታል! ፊደል እግሩ ሲለወጥ ድምፁም እንደሚለወጥ ያለ ሰንጠረዥ ገባቸው ማለት ነው። እርሳስ አጥብቀው ስለሚይዙ እጃቸው ቶሎ ይደክማል፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ አታስቀምጧቸው። «አንቺ» ማለትም አይታሰብ።

ስማቸውን በጣት አሻራ ፋንታ መፈረም ሲለምዱ ወደ ሥራው እለፉ። መማሪያ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ በስልክ አንሥታችሁ አምጡ። ሁሉንም ማንበብ የለባቸውም። የሥራው መደብ፣ ደመወዙ፣ የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን እና የብቃት ማረጋገጫ መጠየቁ የት እንደተጻፈ መለየት ይበቃል።

በመጨረሻ ቅጽ መሙላት። እስክሪብቶውን ከእጃቸው አትቀበሉ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተፈትኜበታለሁ፣ ሰልፉ ሲረዝም በተለይ። ቅጹን ቀደም ብላችሁ በሁለት ኮፒ አንሡ፣ አንዱ ለመበላሸት።