በስልክ ካሜራ፣ በሐረሪ ቋንቋ

ስኮትላንድ ውስጥ ፊልምጂ የሚባል፣ በአገሩ ነባር ቋንቋ በጌሊክ የሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች ውድድር አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፤ ተማሪዎችም ይወዳደሩበታል። እኔም ሐረር ላይ የክበቤን ልጆች የማሠራው በዚያው መንፈስ ነው፤ ቋንቋው ግን ሐረሪ ነው።

ስክሪፕቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ወደ ሐረሪ አትገልብጡ፤ ንግግሩ የመማሪያ መጽሐፍ ይሆንባችኋል። ታሪኩን ለአያታችሁ ንገሯቸው። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ መልሳቸውን ቅዱ። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጠብ ይበቃል።

በድምፅ ቀልድ የለም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ንግግር አትቅረጹ፤ የስፌት መኪናው ሁሉንም ይውጠዋል። ስፌቱን ለብቻው ቅዱና በኤዲቲንግ ከሥር አስገቡት፤ ያምራል። ለንግግሩ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ ደረት ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ማይኩ ወደ ላይ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ። ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ድምፁንና ምስሉን ኋላ የምታገጣጥሙት በዚያ ነው።

የጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ቀጫጭን መንገዶች በቀትር ፀሐይ አይመቹም፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ውጡ። ነጭ የተቀባ ግድግዳ ካገኛችሁ ብርሃን የሚመልስላችሁ ነፃ ሪፍሌክተር ነው። የሐረሪ ቤት ውስጡ ጨለም ይላል። በሩን ክፈቱና ተዋናዩ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ። ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ ሁሉ ለማሳየት አትሩጡ፤ ቱሪስት አይደላችሁም።

የአማርኛ ሰብታይትሉ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ቀረጻውን በዚያው ማታ ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ የስልክ ሜሞሪ አይታመንም።